ፔኒን ከየትኛው ብረት ቢሠሯት ያዋጣ ነበር?

በ2024 በጀት ዓመት የአሜሪካ መንግሥት አንዲት ፔኒ (የእነሱን አንድ ሳንቲም) አትሞ ለማሰራጨት 3.69 ሳንቲም ያወጣ ነበር። አንድ ሳንቲም ለማውጣት ወደ አራት ሳንቲም ማለት ነው። በዚያ ዓመት ከ3 ቢሊዮን በላይ ፔኒ ስለታተመ ኪሳራው ተደምሮ 85 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ለዋሽንግተን በጀት ይቺ ምንም አይደለችም። ሰውን ግን ታናድዳለች፤ አንዱን ብር በአራት ብር ገዝቶ የሚሸጥ ባለሱቅ የት አለ? (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ጉዳዩ የእነሱ ነውና።)

ይህን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ታዲያ ለምን በርካሽ ብረት አይሠሯትም?» የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲጠይቁት፣ ሲሞክሩት፣ ሲያስጠኑት ኖረው በመጨረሻ ኖቬምበር 12 ቀን 2025 ፊላደልፊያ ላይ ለገበያ የምትውለዋን የመጨረሻዋን ፔኒ አትመው ነገሩን እርግፍ አድርገው ተዉት። መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ ብረቱ በነጻ ቢመጣላቸውም ፔኒ ትከስር ነበር።

እስቲ እናስላው። አንዲት ፔኒ 2.5 ግራም ትመዝናለች። 97.5 በመቶዋ ዚንክ ነው። ያ የምናውቀው ቀይ የመዳብ መልክ ከላይ የተለበጠ ስስ ነገር ነው፤ መዳቡ በጠቅላላው 2.5 በመቶ ብቻ። የዚንክ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል፣ ለስሌት ያህል ግን ቶኑ 2,800 ዶላር ነው እንበል። አንድ ቶን ሚሊዮን ግራም ስለሆነ አንዲት ፔኒ ውስጥ ያለው ዚንክ 0.7 ሳንቲም ገደማ ያወጣል። መዳቡን ብትጨምሩበት ሦስት ሩብ ሳንቲም ቢደርስ ነው። ስለዚህ ከ3.69 ሳንቲሙ ውስጥ ወደ ሦስት ሳንቲም የሚጠጋው የብረት ዋጋ አይደለም።

የምን ዋጋ ነው ታዲያ? ሚንት የሚባለው የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ የፔኒን ብረት ራሱ አቅልጦ አይለብጥም። በቴነሲ ግዛት ግሪንቪል ከተማ ካለ ኩባንያ ተቆርጦና መዳብ ተለብጦ ያለቀውን፣ ማህተም ብቻ የቀረውን ክብ ብረት ይገዛል። ለዚያ ሥራ ይከፍላል። ከዚያ ማተሙ አለ፣ መቁጠሩ አለ፣ በከረጢት ሞልቶ በከባድ መኪና ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ (ማዕከላዊ ባንካቸው) ማከማቻዎች ማጓጓዙ አለ፣ ጥበቃው፣ መብራቱ፣ የሠራተኛው ደመወዝ አለ። የሻይ ቅጠል ስለረከሰ የሻይ ቤቱ ኪራይ፣ የከሰሉና የአስተናጋጇ ሒሳብ አይቀንስም፤ የፔኒም ነገር እንዲሁ ነው።

ማተሚያ ማሽኑ ደግሞ አንዷን ፔኒና አንዷን ኳርተር ለመምታት የሚያጠፋው ጊዜ ያን ያህል አይለያይም። ልዩነቱ የሚመጣው ከተመታ በኋላ ነው። ኳርተር በ2024 የፈጀችው 14.68 ሳንቲም ነበር፣ ግን 25 ሳንቲም ስለሆነች መንግሥት ከእያንዳንዷ አስር ሳንቲም ያተርፋል። ዳይም 5.76 ሳንቲም ፈጅታ በአስር ትወጣለች። ፔኒ ግን ምን ቢደረግ ከአንድ በላይ አትሆንም፤ አንድ ሳንቲም ውስጥ ደግሞ ይህ ሁሉ ወጪ አይገባም።

አሁን ዚንኩን በተራ ብረት እንለውጠው። ብረት በቶን 800 ዶላር ነው ብንል 2.5 ግራሙ 0.2 ሳንቲም ይሆናል። ያተረፍነው ግማሽ ሳንቲም ነው። ከ3.69 ላይ ግማሽ ስትቀንሱ ያው ከሦስት በላይ ነው። ያውም ብረት ዝም ተብሎ አይተውም፣ እንዳይዝግ መለበጥ አለበት፣ መለበጡ ያስከፍላል፤ ጠንካራ ስለሆነ ደግሞ የሚመታውን ማህተም ቶሎ ይበላዋል።

ካናዳ ይህን በተግባር አሳይታናለች። ከ2000 ጀምሮ የእሷ ፔኒ 94 በመቶ ተራ ብረት ነበረች፣ ከላይ ኒኬልና መዳብ የተለበጠባት። ግን ወጪዋ 1.6 ሳንቲም ሆነ። ስለዚህ በሜይ 2012 የመጨረሻዋን አትመው ዘጉት። አሜሪካ ይህን ከጎረቤቷ እያየች ተጨማሪ አሥራ ሦስት ዓመት ከሰረች።

የብረት ለውጥ ለፔኒ አዲስ ነገር ሆኖ አይደለም። በ1793 ስትጀመር ንጹሕ መዳብ ነበረች፣ ያውም ከዛሬዋ በጣም የምትተልቅ። በ1857 ሰውነቷን ቀንሰው 88 በመቶ መዳብና 12 በመቶ ኒኬል አደረጓት። በ1864 ወደ ነሐስ ተለወጠች፦ 95 በመቶ መዳብ፣ የቀረው ቆርቆሮና ዚንክ። የፕሬዚዳንት ሊንከን ፊት የመጣው በ1909 ነው፣ ሰውየው በተወለደ በመቶኛ ዓመቱ። በ1962 ቆርቆሮውን አወጡት። እስከዚህ ድረስ ያለው ለሳንቲም ሰብሳቢዎች እንጂ ለእኛ ብዙም አይነግረንም። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለት ታሪኮች ግን ደስ ይላሉ።

የመጀመሪያው የ1943ቱ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ላይ ነበሩ፣ መዳብ ለጥይት ቀለህ ይፈለጋል። ስለዚህ ፔኒን ዚንክ ከተለበጠ ብረት ሠሩት፤ በዚያ ዓመት ከአንድ ቢሊዮን በላይ አተሙ። ችግሩ ወዲያው ጀመረ። አዲሷ ፔኒ ብርማ ስለሆነች ሰው ከዳይም ጋር ያምታታት ጀመር። በአስር ሳንቲምና በአንድ ሳንቲም መምታታት ደግሞ በዚያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። የብረቱ ቅጠል ከተለበጠ በኋላ ስለሆነ የሚቆረጠው፣ የእያንዳንዷ ሳንቲም ጠርዝ ሳይለበጥ ራቁቱን ይቀር ነበር፤ እርጥበት ሲያገኘው በጠርዙ በኩል ዛገ። ማግኔትም ይስባታል፣ ስለዚህ የውሸት ሳንቲም በማግኔት የሚይዙ ማሽኖች ትክክለኛውን የመንግሥት ሳንቲም የውሸት ነው ብለው መለሱት። በአንድ ዓመት በቃን አሉ፣ በ1944 ወደ መዳብ ተመለሱ። (በስህተት በ1943 በነሐስ የታተሙ ጥቂት ፔኒዎች አሉ። ዛሬ አንዷ የቤት ዋጋ ታወጣለች። አያትህ የተወችልህ የ1943 ፔኒ ካለች መጀመሪያ ማግኔት አስጠጋባት፤ ከሳባት ያችው ተራዋ ናት።)

ሁለተኛው የ1970ዎቹ ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው። የድሮዋ ፔኒ 3.11 ግራም ነበረች፣ 95 በመቶዋ መዳብ። ስሌቱን ብትሠሩት 339 ያህል ፔኒ ውስጥ አንድ ኪሎ መዳብ አለ። ይህ ማለት የአንድ ኪሎ መዳብ ዋጋ ከ3 ዶላር ከ39 ሳንቲም ካለፈ ፔኒውን ከባንክ በገጹ ዋጋ ወስዶ አቅልጦ መሸጥ ያተርፋል ማለት ነው። በ1973 የመዳብ ዋጋ ሽቅብ ሲወጣ ሚንት ይህ ቀን መምጣቱ ነው ብሎ ደነገጠ። አሉሚኒየም መረጡ። ርካሽ፣ ቀላል፣ የማይዝግ። 1974 የሚል ዓመት ተጽፎባቸው ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ፔኒዎች አተሙና ናሙናውን ለኮንግረስ አባላት አደሉ፣ አይተው እንዲያጸድቁ።

አላጸደቁም። ሳንቲም ሲከተትበት ለስላሳና ብስኩት የሚያወጣውን ማሽን የሚሠሩ ሰዎች ይቺ ቀላል ነገር ማሽናችንን ትዘጋብናለች ብለው ጮኹ። ሐኪሞች ደግሞ ማንም ያላሰበውን ይዘው መጡ። ሕፃን ሳንቲም ይውጣል፣ ያለ ነው። መዳብ ከሆነ በራጅ ፍንትው ብሎ ይታያል። አሉሚኒየም ግን ቀላል ብረት ስለሆነ ጨረሩን ያሳልፋል፣ ከሰውነት ሥጋ ለይቶ ማየት ያስቸግራል። የሕፃናት ሐኪም ይህን ሲል ማን ይከራከራል? የመዳቡም ዋጋ መልሶ ወረደ፣ ነገሩ ተቀበረ። የታደሉትን ሳንቲሞች መልሱ ሲባሉ ጥቂቶቹ ሳይመለሱ ቀሩ። ከዴንቨር ማተሚያ የወጣች አንዷ በ2014 ብቅ ብላ ልትሸጥ ስትል መንግሥት የእኔ ንብረት ናት ብሎ ፍርድ ቤት ተከራከረ፣ በ2016 ተመለሰችለት።

እዚህ ላይ አንድ የእኛን ነገር ልጨምር። በ1969፣ አሁን በእኛው አቆጣጠር ነው፣ ኢትዮጵያ ያወጣቻት አንድ ሳንቲም አሉሚኒየም ነበረች። አሜሪካ ከጣለችው ከጥቂት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የያዛት ሰው ክብደቷን ያስታውሳል፣ ወረቀት የያዘ ነው የሚመስለው። እኛ ጋ ግን የሚጮህ የለስላሳ ማሽን ነጋዴ አልነበረማ።

ወደ ፔኒ እንመለስ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመዳብ ጣጣ ስላልቀረላቸው በ1982 ዛሬ የምናውቃትን ዚንኳን አመጡ። መልኳ ስላልተለወጠ ሕዝቡ ብዙም ልብ አላላትም። ብልሃቱ ይህ ነበር፦ ቀለሙ ያው፣ ስፋቱ ያው፣ ክብደቱ ብቻ ከ3.11 ወደ 2.5 ግራም። በ1982 ሁለቱም ዓይነት ስለታተመ የዚያን ዓመት ፔኒ በዓይን መለየት ከባድ ነው። ሚዛን ከሌላችሁ ጠረጴዛ ላይ ጣሏት፤ መዳቧ እንደ ቃጭል ታቃጭላለች፣ ዚንኳ ደነዝ ድምፅ ታወጣለች።

ዚንኳ የራሷ ጉድ አላት። ልባጧ ከተጫረ ውስጧ ቶሎ ይበላል። በተለይ ሆድ ውስጥ ስትገባ የጨጓራ አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል። ውሻ ያላችሁ ስሙኝ፦ ከ1982 ወዲህ ያለችን ፔኒ የዋጠ ውሻ በዚንክ ሊመረዝ ይችላል፣ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል። የእንስሳት ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት በሽታ ነው። ስለዚህ ይወጣል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ዚንክ ሃያ ዓመት ያህል አገለገለች። በ2006 ግን የዚንክ ዋጋ ስለናረ የአንዲት ፔኒ ወጪ ከአንድ ሳንቲም አለፈ፣ ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አያውቅም። በ2011 ወደ 2.4 ሳንቲም ደርሶ ነበር። በዚያው በ2006 መጨረሻ ሚንት ፔኒንና ኒክል የሚባለውን አምስት ሳንቲም ማቅለጥ በሕግ ከለከለ። ከተወሰነ መጠን በላይ ከአሜሪካ ማስወጣትም አይቻልም። ቅጣቱ እስከ 10,000 ዶላርና እስከ አምስት ዓመት እስራት ነው። ክልከላው ዛሬም አለ። የድሮዋን የመዳብ ፔኒ እየለቀሙ በበርሜል የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ፣ አንድ ቀን ክልከላው ይነሳል ብለው። መዳብ በኪሎ 9 ዶላር ሲገባ 339 ፔኒ የሚያወጣው 9 ዶላር ነውና ተስፋቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም፤ ግን በርሜሉን ማን ይሸከመዋል?

በ2010 ኮንግረስ አንድ ሕግ አወጣ። ሚንት ሌሎች ብረቶችን እንዲያጠና፣ በየሁለት ዓመቱም ሪፖርት እንዲያቀርብ አዘዘው። የ2012ና የ2014 ሪፖርቶች ወጡ። ብዙ ዓይነት ብረት ተፈትኗል፣ መዳብ የተለበጠ ብረትም አሉሚኒየምም ጭምር። ስለ ፔኒ የደረሱበት መደምደሚያ አጭር ነበር፦ ወጪዋን ከአንድ ሳንቲም በታች የሚያወርድ ምንም ዓይነት ብረት የለም። ይህ እንግዲህ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ የተጻፈ ነው። አንብበው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ለምን ከተቱት ለሚለው ሁለት ምክንያት እሰጣለሁ። አንደኛው ሕጉ ነው። በሕጉ መሠረት የገንዘብ ሚኒስትሩ በፔኒ ውስጥ የመዳብና የዚንክን ድርሻ እንደፈለገ ሊያሸጋሽግ ይችላል፤ ሌላ ብረት ላምጣ ካለ ግን ኮንግረስ መሄድ አለበት። ኮንግረስ ውስጥ ደግሞ ስለ ፔኒ ብሎ የሚሞት ሰው የለም፣ የሚቃወም ግን አለ። የሊንከን ግዛት ኢሊኖይ ሊንከንን አትንኩብን ትላለች። ክቡን ዚንክ የሚሸጠው ኩባንያ ፔኒ እንዳትቀር የሚሟገት ቡድን በገንዘብ ሲደግፍ ኖሯል። ይህ የአደባባይ ምስጢር ነው፣ ገበያውን ማጣት የማይፈልግ ነጋዴ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ሁለተኛው ምክንያት፣ 85 ሚሊዮን ዶላር ለአንድ ሴናተር እንቅልፍ የሚነሳ ገንዘብ አይደለም።

በመጨረሻ የቆረጠው ኮንግረስ አልነበረም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፌብሩዋሪ 2025 የገንዘብ ሚኒስትሩ ማተሙን እንዲያቆም አዘዙ። ያው ሕግ ሚኒስትሩ «አስፈላጊ ነው» የሚለውን ያህል ሳንቲም እንዲያትም ስለሚፈቅድለት፣ አስፈላጊው መጠን ዜሮ ነው ማለት ይቻላል ተባለ። በሜይ የመጨረሻው የክብ ብረት ትዕዛዝ መሰጠቱ ተነገረ፣ በኖቬምበር ማሽኑ ቆመ። ከዕቃ ግዢ ብቻ በዓመት 56 ሚሊዮን ዶላር ይተርፋል ነው የሚሉት።

እንግዲህ አሜሪካ ያላችሁ፣ በተለይ ካሽ ሬጅስተር ላይ የምትሠሩ፣ ለውጡን አይታችሁታል። ፔኒ ሕጋዊ ገንዘብነቷ አልቀረም፤ ከ100 ቢሊዮን በላይ ፔኒ አሁንም በየቤቱ ብርጭቆና በየመኪናው መሳቢያ አለ። ማንም ደንበኛ ሊከፍልባት ይችላል። ያለቀው አዲሱ ነው። ብዙ ሱቅ መልስ ሲያጣ ሒሳቡን ወደ ቅርቡ አምስት ያጠጋጋል፦ ጠቅላላው በ1፣ 2፣ 6 ወይም 7 ካለቀ ወደ ታች፣ በ3፣ 4፣ 8 ወይም 9 ካለቀ ወደ ላይ። ካናዳ የምትሠራው በዚሁ ነው። የሚጠጋጋው ከታክስ በኋላ ያለው ጠቅላላ ሒሳብ ነው፣ ያውም ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ብቻ። በካርድ የከፈለ ሰው ሒሳቡ እስከ ሳንቲሙ ያው ነው። የአሜሪካ ጣጣ ግን ካናዳ መጀመሪያ ደንቡን አውጥታ ኋላ ፔኒን ስታቆም፣ እነዚህ ቀድመው አቁመው ደንቡን ከኋላ መፈለጋቸው ነው። ስለዚህ አንዱ ሱቅ ሁልጊዜ ወደ ታች ያጠጋጋል፣ ሌላው ፔኒ አምጡልኝ ብሎ ይለጥፋል።

የብረቱ ጥያቄ ግን አሁን በትክክለኛ ቦታው ተነስቷል፣ እሱም ኒክል ላይ። አምስት ሳንቲሟ ኒክል በ2024 የፈጀችው 13.78 ሳንቲም ነው። 5 ግራም ናት፣ 75 በመቶ መዳብ፣ 25 በመቶ ኒኬል። መዳቡን በኪሎ 9፣ ኒኬሉን በኪሎ 15 ዶላር ብናስበው ብረቱ ብቻውን አምስት ሳንቲምን ያልፋል። ያየነው የፔኒ ስሌት እዚህ ይገለበጣል፦ ፔኒ ላይ ብረቱ ትንሹ ወጪ ነበር፣ ኒክል ላይ ግን ትልቅ ነው፣ ብረቱን መለወጥ በእርግጥም ወጪ ይቀንሳል። ፔኒ ስትጠፋ ደግሞ ኒክል የበለጠ ይፈለጋል። ያተረፉትን 56 ሚሊዮን ኒክል እንዳትበላው መስጋት ያለ ነገር ነው።

ሚንት ለዚህ የያዘው ሐሳብ አለ። አንዱ የኒኬሉን ድርሻ ወደ 20 በመቶ አውርዶ መዳቡን 80 ማድረግ ነው። ሌላው ዚንክና ማንጋኒዝ የተቀላቀለበት የመዳብ ብረት ነው። የሁለቱም ጥቅማቸው አንድ ነው። ዛሬ ማሽኖች ሳንቲምን የሚለዩት በመጠኑ ብቻ አይደለም፣ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚያሳልፍ ይለካሉ። እነዚህ ቅይጦች ከአሮጌዋ ኒክል ጋር ስለሚመሳሰሉ በየመንገዱ ያለውን ማሽን ማስተካከል አያስፈልግም። ተራ ብረት ቢሆን ግን ርካሽነቱ ሳይታይ ማሽኑ ሁሉ ይነካካል፣ ያንን የሚከፍለው ደግሞ ሚንት ሳይሆን የማሽኑ ባለቤት ነው። ለዚህ ነው ጩኸቱ ሁልጊዜ ከዚያ በኩል የሚመጣው።

እኔን ብትጠይቁኝ የመጀመሪያውን ነገ እጀምረው ነበር። ግን የኒክል ቅይጥ ሕጉ ውስጥ በቁጥር የተጻፈ ነው፣ 75 እና 25 ተብሎ፤ እዚህ ላይ ሚኒስትሩ እንደ ፔኒ ዜሮ ነው የሚያስፈልገኝ ብሎ ማምለጥ አይችልም፣ ኒክል ያስፈልገዋልና። ኮንግረስ አንቀጹን እስኪያሻሽል ድረስ እያንዳንዷ አምስት ሳንቲም ወደ ዘጠኝ ሳንቲም የሚጠጋ እየከሰረች ትወጣለች።